ትንፋሽ አይቆጠርም

ባለፈው ሳምንት በመካነ ሰላም መናኸሪያ በኩል ሳልፍ፣ መኪና የምትጠብቅ አንዲት ወጣት ሎሚ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ሽታው ከናፍጣው ጭስና ዝናብ ካረጠበው ጋቢ ጋር ተደባልቆ ሲደርሰኝ ባለሁበት ቆምሁ። ያ የተዘጋ መኪና ሽታ ነው። በአገራችን ረጅም መንገድ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ሎሚ የሚያዘው መስኮት ስለማይከፈት ነው፤ መስኮት የማይከፈተው ንፋስ ስለሚፈራ ነው፤ ንፋስ የሚፈራው ደግሞ አባቶቻችን ስለ ፈሩት ነው። አንድ መስኮት መክፈት ድፍረት ነው፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶችን መክፈት ግን ነፍስ ከማጥፋት አይተናነስም። እኔ ይህን ፍርሃት ስታገል ሠላሳ ስድስት ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ ቆይቼ፣ አንድም ቀን ሳልቀር ጡረታ ወጣሁ። ሙያዬ የአካባቢ ጤና ጥበቃ ነበር፤ በጊዜው አጠራር ሳኒታሪያን። ወላጆቼ ያወጡልኝ ስም አሊ ነው። ሕዝቡ «መስኮት» የሚል ጨመረበት፤ አሊ መስኮት። ስሙ የወጣው ለመሳለቂያ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብዬው ዛሬም ገበያ ላይ ሲጠሩኝ ቀና ብዬ እዞራለሁ።

ሥራ የጀመርሁበትን ዘመን በስሙ መጥራት አያስፈልግም። አንድ ብርጭቆ ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ ስኳሩ እስከ ማንኪያው አንገት ነው። የቴትሮን ሱሪ ሰፊው ቤት ተሰልፈው ያሰፉት ነበር፤ እኔም ከመጀመሪያው ደመወዜ አመድማ ቴትሮን ሱሪና ባለ ሁለት ኪስ ካኪ ሸሚዝ አሰፋሁ፤ በግራ ኪሴ ብዕር፣ በቀኙ ማስታወሻ ደብተር። ረጅም ጥቁር ጃንጥላም ነበረኝ፤ እጀታው እንደ ከዘራ የቆለመመ፣ ከደሴ ፒያሳ የገዛሁት። ከመናኸሪያው ማዶ፣ ዛሬ የሞባይል መለዋወጫ በሚሸጥበት ጥግ፣ የአንድ የመናዊ ሱቅ ነበረ። ደጃፉ ላይ ትልቅ ትራንዚስተር ሬዲዮ ተሰቅሎ ዐርብ ዐርብ መንዙማ፣ በሌላው ቀን የክራር ዘፈን ያሰማል፤ ከዘፈኑ ይልቅ ጩኸቱና ስንጥቅጥቅ የሚለው ድምፁ ነው የሚታወሰኝ። መኪናው ሎንችና ይባላል። ከመካነ ሰላም ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ በአቀስታ ምሳ በልቶ፣ ጉጉፍቱን ተሻግሮ፣ እግዜር ካለ በዕለቱ ደሴ ይገባል። በዚያ መኪና ውስጥ ከእኔ ጋር የተፋለመች አንዲት ሴት ነበረች፤ እመት ዘሃራ፣ ቅቤ ነጋዴዋ። ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበረች። ሁልጊዜ ከመስኮቱ አጠገብ ትቀመጥና የመስኮቱን መያዣ እንደ በሬ ቀንድ ጨብጣ ትውላለች።

«እመት ዘሃራ፣ ሁለት ጣት ብቻ ይክፈቱት» እላለሁ።

«ሁለት ጣትህን ቁረጥና በእሱ ክፈተው!» ትለኛለች። መኪናው በሳቅ ይናወጣል። ሎሚው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

እኔ የተማርሁት ሌላ ነበር። ሰው በተነፈሰ ቁጥር ሳንባው ንጹሑን አየር ተቀብሎ የተቃጠለውን እንደሚመልስ፣ የተዘጋ ቤትም እንደ ጉድጓድ ውኃ እንደሆነ፣ የሚገባበት ከሌለ የሚጨመርበት ቆሻሻ ብቻ እንደሚያድግ ተምሬ ነበር። መሣሪያ ግን አልነበረኝም። አንዳንዶች ኩራዝ ለኩሰው ነበልባሉን ያያሉ፤ እኔ አላመንሁትም፤ ምክንያቱም ኩራዙ የሚደክመው ሰው ከደከመ ከብዙ በኋላ ነው። ስለዚህ የኖራ ውኃ እጠቀም ነበር። የጠራ የኖራ ውኃ የተቃጠለ አየር ሲያገኘው እንደ አጓት ይደፈርሳል፤ ቶሎ ከደፈረሰ አየሩ ክፉ ነው። በሦስት ድስሪ፣ ማለትም በትንንሽ ብልቃጥ፣ እየቀዳሁ አንዱን ከቤቱ ፊት፣ አንዱን ከመካከል፣ አንዱን ከጀርባ አስቀምጥና በሰዓቴ እቆጥራለሁ። ከዚያ የቤቱን ወርድና ቁመት በገመድ ለክቼ፣ ሰዎቹን ቆጥሬ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍሱ ገምቼ፣ በስንት ሰዓት አየሩ እንደሚበላሽ በደብተሬ ላይ አሰላለሁ። ስሌቱ ከኖራው ውኃ ጋር ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ ለሚስቴ እንኳ በሚገባ ልገልጸው አልቻልሁም። የማይታየውን ነገር በቁጥር መያዝ እንደ ጸሎት ያለ ነገር አለበት።

ከእነዚያ ስሌቶች አንዱ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ደርሶ ነበር። ስሟን በማልጠራት በአንዲት የደጋ ገበያ ከተማ የሦስት ቀን ስብሰባ ሊደረግ ነው። ጊዜው ክረምት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር። የአዳራሹ መስኮቶች በሣንቃ ተቸንክረው፣ ሣንቃው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ለሙቀት አራት የከሰል ምድጃዎች እንደሚገቡ ሰማሁ። ሄጄ ለካሁ። ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ወስጄ ባለ አምስት ገጽ ማስታወሻ ጻፍሁ፤ ምድጃዎቹ ውጭ ይቅሩ፣ ሁለት መስኮቶች ይከፈቱ፣ ያለበለዚያ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ይወድቃል የሚል ነበር። ማስታወሻው ለአለቃዬ ቀረበ። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሚፈሯቸው ብዙ አለቆች ነበሯቸው እንጂ። በማግሥቱ ወረቀቱ ተመለሰልኝ። በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ በቀይ ብዕር ሁለት ቃል ተጽፏል፤ «ትንፋሽ አይቆጠርም»። ከሥሩ ፊርማና ማኅተም።

በስብሰባው ሁለተኛ ቀን፣ እኔም ከተሰብሳቢው ጋር ተቀምጬ ሳለሁ፣ ምሳ ተበልቶ ሪፖርት መነበብ እንደ ተጀመረ፣ በኋለኛው ረድፍ የተቀመጡት ማንቀላፋት ያዙ። «ጥጋብ ነው» ተባለ። ከዚያ አንዲት ሴት ከወንበሯ ተንሸራተተች፤ ሌላዋ ልታነሣት ስትጎነበስ እሷም ቀረች። አንድ ሽማግሌ ግንባራቸውን በከዘራቸው ላይ ደፉ። አንባቢው ማንበቡን አላቋረጠም። «ምች ነው፣ ንፋስ አታስገቡ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ተነሥቼ ወደ ግድግዳው ሄድሁ፤ ጃንጥላዬን ገልብጬ በእጀታው ሣንቃውን ነቀልሁ፤ መስተዋቱንም ሰበርሁት። ከዚያ ከማዶ ያለውን ሁለተኛውን። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች! ብርዱ ሲገባ አዳራሹ በሙሉ እንደ አንድ ሰው አየር ሳበ። የወደቁትን አውጥተን ሣሩ ላይ አስተኛናቸው፤ ራስ ምታትና ትውኪያ ተረፋቸው እንጂ ሁሉም ድነው በእግራቸው ገቡ። ከሳምንት በኋላ «የመንግሥትን ንብረት በጃንጥላ ስለ መስበር» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ይቅርታ ጠይቅ ተባልሁ። አልጠየቅሁም። ለሠላሳ ስድስት ዓመታት በግል ማኅደሬ ውስጥ የቆየ አንድ ማስጠንቀቂያ ቢኖር እሱ ነው፤ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ቢሰጡኝም ከዚያ የሚበልጥ ምስክር የለኝም። ባለ ቀይ ብዕሩን ማስታወሻ ግን ለማንም አላሳየሁም። በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ ከዚያ ዘመን ካኪ ሸሚዜ ሥር አኖርሁት።

ያን ሳጥን የከፈትሁት ልጄ ሐያት ለዒድ ከአዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ነው። ሐያት በዩኒቨርሲቲ የምትመራመረው ሰዎች ወደፊት በጠፈር ላይ ስለሚኖሩባቸው የታሸጉ ቤቶች ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ በእነዚያ ቤቶች ውስጥ አየሩ እንዴት እንደሚበከልና ብክለቱ እንዴት እንደሚገታ። ሰዎች ሲጠይቁኝ «ልጅህ ጨረቃ ላይ ቤት ትሠራለች አሉ?» ይሉኛል። «ቤቱን ሌሎች ይሠሩታል፤ እሷ መስኮት የሌለው ቤት እንዴት እንደሚተነፍስ ታሰላለች» እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ በቀላሉ እንድታስረዳኝ ጠየቅኋት። «አባዬ፣ በሚንሳፈፍ የጠፈር ቤት ውስጥ ክብደት አይሰማም፤ ስለዚህ ትኩስ አየር ወደ ላይ አይወጣም። አየር የሚያዘዋውረው ማራገቢያ ከቆመ የተኛ ሰው ትንፋሽ እንደ ጉም ፊቱ ላይ ተጋርዶ ይቀራል፤ ራሱ ያወጣውን መልሶ ይስባል» አለችኝ። ከሰው የሚወጣው አለ፤ ከፕላስቲኩ፣ ከሙጫው፣ ከምግቡ የሚተነው አለ። በኮምፒዩተር የሠራችው የስሌት ሞዴሏ ይህን ሁሉ ተከትሎ፣ የትኛው ጥግ በስንት ሰዓት እንደሚከፋና ማጣሪያው የት ቢደረግ እንደሚሻል ይተነብያል። እኔ ሦስቱን ድስሪዎቼን አስታወስሁ።

በዚያ ዒድ ሐያት ሥጋውን በሹካ ስታገላብጥ ዋለች። እናቷ «ልጄ፣ ዐይን ነክቶሻል» አለቻት። በማግሥቱ በረንዳ ላይ ብቻችንን ስንቀመጥ ነገረችኝ።

«ልተወው ነው አባዬ።»

«ምኑን?»

«ጥናቱን። ሦስት ዓመት የሠራሁበትን። ገምጋሚዎቹ ‹ስሌትሽ ያምራል፤ ያልተለካ ስሌትን ግን ማን ያምናል?› አሉኝ። ሰው በብዛት ለብዙ ሰዓት ከሚቆይበት ከታሸገ ቦታ ልኬት አምጪ አሉኝ። ከወሩ መጨረሻ በፊት። ከየት ላምጣው? የጠፈር መንኮራኩር በየት አገኛለሁ? አንደኛው ደግሞ ‹ለአገር የሚጠቅም ርዕስ ያዢ፣ ለእኛ ጨረቃ ምናችን ናት› አሉኝ። ሰዉ ሳቀ።»

በዚህ ጊዜ ተነሥቼ ገባሁ፤ ሳጥኑን ከፍቼ ወረቀቱን አመጣሁና ጭኗ ላይ አኖርሁት። አምስቱንም ገጽ አነበበችው። ቀዩን ጽሑፍ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይህ እኮ የእኔ ሞዴል ነው» አለች ቀስ ብላ። «አባዬ፣ ይህን ለምን አልነገርኸኝም?»

«ስላልጠየቅሽኝ። አሁን መልሺልኝ፤ የሚያስፈልግሽ ቦታ ምን ዐይነት ነው? በቁጥር ንገሪኝ።»

«ከሃያ በላይ ሰው የሚይዝ። ቢያንስ አራት ሰዓት። ጠባብ። እና መስኮት የማይከፈትበት፤ ማንም ቢለምን የማይከፈትበት።»

ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። እናቷ ከጓዳ ብቅ እስክትል ድረስ ሳቅሁ። «ልጄ፣ ያ እኮ የደሴው መኪና ነው!»

ሐያት መጀመሪያ የቀለድሁባት መሰላት። ከዚያ ዐይኗ ፈጠጠ። ትንንሽ የአየር መለኪያዎቿ በሻንጣዋ ውስጥ ነበሩ፤ ሦስት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የክብሪት ሣጥን ቢያክሉ ነው። እኔ ግን የጤና ሰው ነኝና ሁለት ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥሁ። አንደኛ፣ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ይነገረዋል፤ ማንም ተደብቆ አይለካም። ሁለተኛ፣ አየሩ ከአንድ ልክ ካለፈ ጥናት የሚባል የለም፣ መስኮት ይከፈታል። ልኩን እሷ ጻፈች፤ እኔ ፈረምሁበት። በጉዞው ጠዋትም መናኸሪያው ውስጥ ሞዴሉ የሚተነብየውን መስመር አስቀድማ በወረቀት ላይ ስላ፣ በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ። «አንተ ታዛቢ ነህ» አለች። ደስ አለኝ። ታዛቢ መሆን እችላለሁ።

መኪናው ዛሬ ሎንችና አይደለም፤ ቅጥቅጥ ነው። ወንበሩ ጠበበ፣ መንገዱ ተሻሻለ፣ የታሪፉን ነገር አታንሡብኝ። ቴትሮን የለበሰ አንድም ሰው አላየሁም፤ ከእኔ በቀር። ሬዲዮው ከየመናዊው ደጃፍ ወርዶ በየሰዉ ጆሮ ውስጥ ገብቷል። አንድ ነገር ብቻ ሳይለወጥ ጠበቀኝ፤ በሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ፊታቸውን በነጭ ሻሽ ሸብ አድርገው፣ ሁለት ዶሮዎች በቅርጫት እግራቸው ሥር አስቀምጠው፣ እመት ዘሃራ! ደሴ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት ነው።

መኪናው ሳይነሣ ከፊት ቆሜ ተናገርሁ። «ወገኖቼ፣ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ። ልጄ የአየር ጥናት ታደርጋለች። ፊት፣ መካከልና ኋላ መለኪያ አስቀምጣለች። ከእናንተ የሚፈለግ የለም። የማትፈልጉ ካላችሁ ንገሩን።»

«መስኮቱንስ?» አለ አንዱ።

ሐያትን አየት አድርጌ መለስሁ፤ «መስኮቱን… እንደ ልማዳችሁ።»

እመት ዘሃራ ሻሻቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «አጃኢብ ነው! አሊ መስኮት ተማረከ!» መኪናው በሳቅ ተናወጠ፤ ልክ እንደ ጥንቱ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ።

እንዳላመመኝ ነገርኋቸው፤ ግን ያን ቀን እንደ ታመመ ሰው ነበር የተቀመጥሁት። አፌ ዕድሜ ልኩን የለመደውን ቃል ሊያወጣ ይከፈታል፤ እዘጋዋለሁ። ሎሚው መዞር ጀመረ። እኔ ግን እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅምና ደብተሬን አውጥቼ እንደ ቀድሞው ሰው እቆጥር ነበር። ረዳቱ ከከተማው መውጫ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ብሎ ሰባት ሰው ጫነ። መናኸሪያ ውስጥ ትርፍ መጫን ክልክል ነውና ትርፉ ሁልጊዜ ውጭ ነው የሚጠብቀው፤ ይህንን አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከድልድዩ በኋላ አራት። በዱካ ላይ፣ በጀሪካን ላይ፣ በመተላለፊያው ላይ ተደረደሩ፤ አብዛኞቹ ወደ ኋላ። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ረዳቱ «ዝቅ በሉ!» ይላል፤ አሥራ አንዱም ዝቅ ይላሉ፤ ሲያልፍ ደግሞ ቀና። እኔ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጭረት አደረግሁ።

አቀስታ ስንደርስ ሐያት ስልኳ ላይ የመለኪያዎቹን ቁጥር አየች፤ ፊቷ ጠቆረ። ፖስታውን ጠየቀችኝ፤ ከፈትነው። የተነበየችው መስመር ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ የተለካው ሽቅብ ሸሽቶታል፤ በተለይ የኋለኛው። ከተፈራረምንበት ልክ ገና ነው፤ ስሌቱ ግን አልገጠመም።

«ስቷል» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። «ሦስት ዓመት አባዬ። ኋላውን ጨርሶ ስቶታል። ልክ ናቸው። ገምጋሚዎቹ ልክ ናቸው።»

«ስንት ሰው ብለሽ ነው ያሰላሽው?»

«በመውጫው ወረቀት ላይ ያለውን። ሠላሳ አራት። ከመናኸሪያው ወስጄው ነው፤ ማኅተም ያለበት ነው።»

ደብተሬን ሰጠኋት። ጭረቶቹን በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች። ዞር ብላ መተላለፊያውን አየች፤ በዱካ የተቀመጡት ሰዎች መልሰው አዩዋት። ልጄ በዚህ መንገድ ስትመላለስ ኖራለች፤ ትርፍ ሰው ከልጅነቷ ጀምሮ ስላየች ማየቱን ትታዋለች።

«አርባ አምስት!» አለች።

«ከማኅተሙ ውጭ ያለ ሰውም ይተነፍሳል» አልኋት።

ረዳቱ ይህን ሰምቶ ዘሎ መጣ። «ጋሽዬ፣ በአላህ፣ ይህን ደብተር ለማን ሊሰጡት ነው? የልጆች አባት ነኝ!»

«አብሽር፣ ለጨረቃ ነው» አልሁት። አላመነኝም። እስከ ደሴ ድረስ ደብተሬን በዐይኑ ሲጠብቅ ሄደ።

«ዶሮዎቼስ?» አሉ እመት ዘሃራ። ለካ ጆሯቸውን አቅንተው ኖሯል። «እነሱስ ሬሳ ናቸው? ቁጠሩልኝ እንጂ!» ሐያት እየሳቀች ዐይኗን ጠረገችና አሥራ አንዱን ሰዎች እያንዳንዳቸውን በተቀመጡበት ስፍራ፣ ሁለቱን ዶሮዎችም በሦስተኛው ረድፍ፣ ስልኳ ላይ ባለው ስሌት ውስጥ አስገባች። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዘነበለችው። መስመሩ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ወጣ፤ ወጣና በልኬቱ ላይ ሄዶ ተኛበት። ፊት፣ መካከል፣ ኋላ። ሦስት ድስሪ።

የቀረው ግማሹ ነበር። ሞዴሉ አየሩ እንዴት እንደሚከፋ ማወቁ ብቻ አይበቃም፤ ንጹሕ አየር ሲገባ እንዴትና በየት በኩል እንደሚጠራም ማወቅ አለበት፤ በጠፈር ቤት ውስጥ ይህ የማራገቢያውና የማጣሪያው ሥራ ነው። በእኛ መኪና ደግሞ ያለው መስኮት ነው። መስኮት የሚከፈትበት ሰዓት አስቀድሞ ተጽፏል። ሰዓቱ ሲደርስ ጉጉፍቱ አናት ላይ ነበርን። ከዚያ የባሰ ስፍራ ልንመርጥ አንችልም ነበር፤ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ በመንገዱ ዳር ያሉት በጎች ጠጉር እንኳ ቆሟል።

«አሁን አባዬ» አለችኝ።

ብድግ አልሁ። የጠዋቱ ዝምታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «መስኮት ክፈቱ!»

ማንም ንቅንቅ አላለም። «ጉጉፍቱ ላይ?» አለ አንድ ጎልማሳ ጋቢውን እያጣፋ፤ «ሰውዬው ሊገድለን ነው!» ወደ እመት ዘሃራ አየሁ። እጃቸው በመስኮቱ መያዣ ላይ ነበር፤ እንደ ጥንቱ።

«አንተ አሊ» አሉ። «ከሎንችና ዘመን ጀምሮ ‹ክፈቱ› ስትለን ኖርህ። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አሳይተኸን ታውቃለህ? ትጮኽብናለህ እንጂ! ይህች ልጅ ግን ታሳየኛለች። እስቲ ያንን ነገር ወዲህ በይው የኔ ልጅ።»

ሐያት መለኪያውን አንሥታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ቁጥሩን ማንበብ አይችሉም፤ ግን አየሩ ወደ ተፈራረምንበት ልክ ሲጠጋ የሚቀላ መብራት አለው፤ ቀልቷል። አገላብጠው አዩት። እኔ ቆሜ ነበር። ልክ እንደ ነበርሁ ዐውቃለሁ፤ ዛሬም አንዲት ፊደል አላነሣም። ነገር ግን ያ የኖራ ውኃ ሲደፈርስ አንድ ጊዜ እንኳ ጠርቼ አላሳየኋቸውም። ደብተሬ ላይ ነው የጻፍሁት።

እመት ዘሃራ መስኮቱን ሳቡት። ሁለት ጣት። ብርዱ እንደ ጅራፍ ገባ። «ያ ረቢ!» አለ መኪናው በአንድ ድምፅ። ከማዶ፣ ያ ጋቢ ያጣፋው ጎልማሳ እያጉረመረመ የራሱን ከፈተ፤ «እኔን ባልቴት አትበልጠኝም» አለ። እመት ዘሃራ መለኪያውን ከፊታቸው ሳያርቁ ጠበቁ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀዩ መብራት ጠፍቶ አረንጓዴው ሲበራ፣ «አይ አሊ!» ብለው ጭኔን በጥፊ መቱኝ። የኋለኛው ረድፍ ተራውን ጠብቆ፣ ሞዴሉ እንዳለው፣ በመጨረሻ ጠራ። ሎሚው መሬት ላይ ወድቆ ሲንከባለል አየሁት፤ የፈለገው ሰው አልነበረም።

ሐያት ርዕሷን አልቀየረችም። በገምጋሚዎቿ ፊት ስትቆም እኔ በኋለኛው ወንበር፣ በቴትሮን ሱሪዬ፣ ተቀምጬ ነበር። «ለእኛ ጨረቃ ምናችን ናት» ያሉት ሰው ስለ መኪናው ብዙ ጠየቁ፤ ለካ እሳቸውም በልጅነታቸው ሎሚ ሲያሸቱ ያደጉ ናቸው። አንዲት ገምጋሚ በሠንጠረዡ ግርጌ ያለችውን ጽሑፍ በእስክሪብቶዋ እየጠቆመች፣ «ይህ ‹ዶሮ፣ ሁለት› የሚለው ስሕተት ነው?» አለች። ልጄ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ፣ ሳትመለከት መለሰች፤ «አይደለም። ተሳፍረው ነበር።»

የተጠረዘው የጥናቷ መጽሐፍ ባለፈው ወር በደሴው መኪና ተልኮ ደረሰኝ። ስለዚያች ወጣትና ስለ ሎሚዋ ያነሣሁትም ለዚህ ነው፤ በዚያ ቀን ከመናኸሪያው ወደ ቤቴ ገብቼ የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፈትሁ፤ መጽሐፉን ከማስታወሻው ጎን ላስቀምጠው። አለቃዬ ካረፉ ቆይተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው፤ በሕይወት ቢኖሩ ግን በአካል ሄጄ አስፈርማቸው ነበር። ቀዩ ቀለም ደብዝዟል፤ ይነበባል። ማኅተሙም እንዳለ ነው። በመንግሥት ሥራ ደንብ አንድ ጉዳይ እልባት ሲያገኝ በኅዳጉ ላይ ውጤቱ ይመዘገባል፤ ይህ ጉዳይ ግን ሳይመዘገብ ቆይቷል። መነጽሬን አድርጌ፣ በሰማያዊ ብዕር፣ ከቀዩ ጽሑፍ ሥር፣ ፊደሉን ሳላጣምም አንድ ቃል ጻፍሁ፤

ተቆጠረ።

ፊርማዬንም አኖርሁ።